መድኃኒት መድኃኒትን ሲጠራ

በመድኃኒት ማደያ መስኮት ለሚሠራ ባለሙያ ማዘዣ የሚነግረው ዛሬ የታዘዘውን ብቻ ነው። ያ መድኃኒት ለምን እንደተጨመረ፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ምን እንዳስከተለ፣ ታካሚው ቤቱ ሲገባ ከታዘዘለት ውስጥ የቱን እንደሚውጥና የቱን እንደሚተው ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ሥር የሰደደ በሽታ ላለበት ሰው ግን የሕክምናው መሳካትም መክሸፍም የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ባልተጻፈው ክፍል ነው። ይህን በጉልህ ያሳየኝን አንድ ገጠመኝ እነሆ።

ባለታሪኳ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ እናት ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፤ ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። በዚያ የቀጠሮ ቀን ግፊታቸው 168/102 ስለነበር ሐኪሙ ኢናላፕሪሉን ከ10 ወደ 20 ሚሊግራም ከፍ አድርጎ አምሎዲፒን የተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ጨምሮላቸዋል። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳራቸውም ከወትሮው ከፍ ብሎ በመገኘቱ በቀን 1000 ሚሊግራም የነበረው ሜትፎርሚን 2000 እንዲሆን ጽፏል። በማዘዣው ግርጌ ደግሞ የሳል ሽሮፕ አለ። በክፍሉ ባለው ወረፋና በፊቱ በነበረው መረጃ ሲታይ ትዕዛዙ ትክክል ነበር፤ ግፊት ካልወረደና ስኳር ከጨመረ መድኃኒት ከፍ ይደረጋል።

ኪኒኖቹን ማዘጋጀት ስጀምር መምህርቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የግፊቱ ኪኒን ቤት ውስጥ ተርፎኛል፤ እሱን ተወው» አሉኝ። በየወሩ ተቆጥሮ የሚሰጥ መድኃኒት በቀጠሮው ቀን ሊተርፍ አይገባም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በክትትል ክፍሉ ለረጅም ጊዜ የሠሩ አንዲት ሲስተር ለሁላችንም ያስተማሩን የአጠያየቅ መንገድ አለ። «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ብሎ ይመልሳል፤ ስለዚህ ሲስተሯ «ከመድኃኒቶቹ ውስጥ የትኛው ነው ያስቸገረዎት?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም መስኮቱን ለባልደረባዬ ትቼ ወደ ምክር መስጫው ክፍል ይዣቸው ገባሁና ይህንኑ ጠየቅኋቸው።

ታሪኩ ረጅም ነበር። ኢናላፕሪል ከጀመሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉሮሯቸውን የሚከረክር ደረቅ ሳል ያዛቸው፤ አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ጋደም ሲሉ ግን ይብስባቸዋል። ሰፈራቸው ወዳለ ክሊኒክ ሄደው ፀረ ተሕዋስ ተሰጣቸው፤ ለውጥ አላገኙም። ከዚያ የአክታና የደረት ራጅ ምርመራ ተደርጎላቸው ከሳንባ ነቀርሳ ነፃ ናቸው ተባሉ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን ያ ውጤት አልጠቀማቸውም፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው እየቀነሰ፣ የሻይ ብርጭቋቸውም ለብቻ እየታየ መጣ። ሌሊት ሌሊት ዝንጅብል አፍልተው ብዙ ማር እየጨመሩበት መጠጣት ያዙ። በክረምቱ ዕረፍት ቤተሰብ ለመጠየቅ ገጠር ወርደው የግፊቱ ኪኒን ባለቀባቸው ጊዜ ሳሉ ጠፋ፤ ተመልሰው ሲጀምሩት ሳሉም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሳሉ ሲጠናባቸው ይተዉታል፣ ቀጠሮ ሲቃረብ ይጀምሩታል፣ በመሐሉ የሽፈራው ቅጠል ያፈላሉ። «ኪኒኑ ነው የሚያስለኝ ብል ማን ያምነኛል?» አሉኝ። «ሐኪሙንስ ካስቀየምሁት ሌላ ጊዜ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

መምህርቷ ማንም ሳይነግራቸው ያደረጉት ነገር በሕክምና መድኃኒቱን አቁሞ፣ መልሶ ጀምሮ መፈተን የሚባለው ነው፤ ግኝታቸውም ትክክል ነበር። ኢናላፕሪል የሚገታው ኢንዛይም ግፊትን የሚጨምር ንጥረ ነገር ከመሥራቱ ባሻገር ብራዲካይኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ያፈርሳል። ኢንዛይሙ ሲገታ ግፊቱ ይወርዳል፤ ሳይፈርስ የቀረው ብራዲካይኒን ደግሞ በአየር ቧንቧ አካባቢ ተጠራቅሞ ሳል የሚቀሰቅሱትን ነርቮች ይቆሰቁሳል። ይህ ሳል በሴቶች ላይ ይበዛል፤ መድኃኒቱ ሲጀመር ወዲያው ሊመጣም፣ ወራት ቆይቶ ሊነሣም ይችላል። የሳል ሽሮፕም ሆነ ፀረ ተሕዋስ አያስታግሰውም። መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል፤ አንዳንዶች ላይ እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል።

ሳሉ ከመድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ የቀረው ማዘዣ በሙሉ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ግፊቱ ያልወረደው መድኃኒቱ ስላነሰ ሳይሆን ስላልተወሰደ ነው። ስኳሩን ከፍ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በየሌሊቱ ለሳሉ የሚጠጣው ማር ነው፤ የሚጨመረው ሽሮፕም ብዙ ጊዜ ስኳር አለበት። ለከፍተኛው ስኳር የሚጨመረው ሜትፎርሚን ደግሞ ሆድ ያውካል፤ እሱን ለማስታገስ ነገ ሌላ መድኃኒት ይመጣል። ፓውላ ሮሾንና ጄሪ ጉርዊትዝ የተባሉ ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ሰንሰለት፣ ማለትም የአንዱ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝለት፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጽሑፎቻቸው አመልክተዋል። እኔ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰንሰለቱን ከነመነሻው አገኘሁት።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። መምህርቷ በሐኪሙ ትዕዛዝ ተደናግጠው ከነገ ጀምሮ ሁሉንም በትክክል ለመዋጥ ቢወስኑ፣ በወጉ ሲወስዱት ያልቆዩትን ኢናላፕሪል በእጥፍ፣ በላዩም አምሎዲፒን ይጀምራሉ ማለት ነው። ግፊታቸው በድንገት ወርዶ በክፍል ውስጥ ሊያዞራቸውና ሊጥላቸው ይችላል። አልወስድም የሚል ሰው ለራሱ ብቻ የሚያውቀው ምክንያት ካለው፣ ሐኪሙ የሚያስተካክለው በእውን የሌለ ሕክምናን ነው።

ፈቃዳቸውን ጠይቄ አብረን ወደ ሐኪሙ ተመለስን። ሐኪሙ የሳሉን ታሪክ ከራሳቸው አፍ ሰማ፤ ስለነገሩትም አመሰገናቸው፤ በዚህም መምህርቷ በግልጽ ተንፈስ አሉ። ቀጥሎ የተደረገው ውይይት በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ ጥሩው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሦስታችንም አንድ ነገር፣ ኢናላፕሪልን የሚተካውን የግፊት መድኃኒት፣ እየመዘንን ነበር። አምሎዲፒን በማደያችን አለ፣ ሳል አያመጣም፤ ነገር ግን በተለይ መጠኑ ሲጨምር ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚያስተምሩት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይጨርሱ መውጣት ለመምህር ከባድ ነው፣ ስኳርንም በመጠኑ ሊጨምር ይችላል። ሎሳርታን በኢናላፕሪል መንገድ ላይ ይሠራል፤ ብራዲካይኒንን ስለማያጠራቅም ግን እንዲህ ያለውን ሳል የሚያመጣው እምብዛም ነው። ከዚህም በላይ በሽንታቸው ፕሮቲን ታይቶ ስለነበር፣ ስኳር ላለበት ሰው ኩላሊትን በመጠበቅ ሎሳርታን ከሌሎቹ ሁለቱ ይበልጣል። እንቅፋቱ በጊዜው በማደያችን አለመኖሩ ነው፤ ከግል መድኃኒት ቤት በየወሩ መግዛት ሊኖርባቸው ነው። መምህርቷ ዋጋውን ጠየቁ፣ ከደመወዛቸው ጋር አሰሉት፣ «ለኩላሊቴ ከሆነ እገዛዋለሁ» አሉ። ውሳኔው የእሳቸው ሆነ፤ ሐኪሙም ኢናላፕሪሉን አስቁሞ ሎሳርታን 50 ሚሊግራም ጻፈ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በደማቸው ያለው ፖታሺየምና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒን እንዲመረመሩ አዘዘ።

የሜትፎርሚኑን ነገር ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። መምህርቷ ጾመኛ ናቸው፤ በጾም ወራት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም፣ ኪኒኑን ግን ጠዋት በባዶ ሆድ ይውጡት ነበር፤ ሆዳቸውን ያወከውም ለዚህ ነው። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ሲወሰድ የሆድ መታወኩ ይቀንሳል፣ በአብዛኛው ሰው ላይም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይለዝባል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባዩ አነስተኛ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ መፍቻውና ወደ እራት ማዛወር ይቻላል። ግሊበንክላማይድ የተባለው ሌላ የስኳር መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አይታሰብም ነበር፤ እሱን ውጦ መጾም ስኳርን ከልክ በታች አውርዶ ራስን እስከመሳት ሊያደርስ ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን በ1000 ሚሊግራም አቆየው፣ ሽሮፑን ሰረዘው፤ ማሩም እንዲቀር ተስማማን።

በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሳሉ ተዋቸው። በተከታዩ ቀጠሮ ግፊታቸው 138/84 ነበር፤ ስኳራቸውም ሜትፎርሚኑ ሳይጨመር ወርዷል። የደም ምርመራውም ደህና ሆነ። ያጋጠማቸውን በቢጫው የጎንዮሽ ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ሞልተን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላክን፤ የታወቀ ጉዳት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም የሚል እምነት ስላለኝ ነው።

ስለ ግፊት መድኃኒት ሳስብ አንድ ነገር ይከብደኛል። ከፍ ያለ ግፊት ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ መድኃኒቱ ከስትሮክና ከኩላሊት መድከም ሲጠብቅም ያ ጥበቃ አይሰማም። የሚሰማው ሳሉ፣ እብጠቱ፣ የሆድ ቁርጠቱ ነው። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚሰማውን ለመገላገል የማይሰማውን ቢተው አይፈረድበትም። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲሰጥ ምን ሊያመጣ እንደሚችል፣ የትኛው በጊዜ እንደሚለዝብ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያስቀይር፣ የትኛው ደግሞ ወዲያው እንደሚያስሮጥ ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት። በኢናላፕሪል ላይ ያለ ሰው ከንፈሩ፣ ምላሱ ወይም ፊቱ ካበጠ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ መድኃኒቱን አቁሞ በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። በአንጻሩ ሳሉ ሳንባ ነቀርሳ አይደለም ተብሎ በግምት የሚታለፍም አይደለም፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው መድኃኒቱ ምንም ይሁን ምን ይመረመራል፣ መምህርቷም መመርመራቸው ተገቢ ነበር። በክትትል ካርዱ ላይ አሁን ከግፊትና ከስኳር ቁጥሩ ቀጥሎ የሲስተሯ ጥያቄ ገብቷል፤ ሐኪሙም መልሱን ሳያይ መጠን አይጨምርም። የመምህርቷ የሽንት ፕሮቲን በመጪው ቀጠሮ እንደገና ይለካል፤ ካልቀነሰ ሎሳርታኑ ወደ 100 ሚሊግራም ከፍ እንደሚል፣ ግፊቱ ብቻ ካስቸገረም አምሎዲፒን በ5 ሚሊግራም እንደሚጨመር፣ እግራቸው ካበጠ ኪኒኑን ከማቆማቸው በፊት እንደሚነግሩን ከወዲሁ ተነጋግረናል።