የሃያ ሌፕታው ሰው

ዛሬ እሑድ ነው፤ ያለ ምንም ምክንያት ሆድ ብሶኝ ነው የተነሣሁት። ማንም አላስከፋኝም፣ ከአገር ቤትም ክፉ ወሬ አልመጣም። ሌሊቱን ሙሉ አቴና ላይ ሲያካፋ ያደረው ዝናብ ይሁን ወይም በፈረንጆቹ ጥቅምት መግቢያ በየዓመቱ የሚሰማኝ ብርድ ብርድ የሚል ነገር፣ ቡናዬን እንኳ ሳልጨርስ ያያን (በግሪክኛ አያት ማለት ነው) ደግፌ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። እሳቸው ደጃፉ ላይ ግድግዳውን ይዘው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ እኔ እንደ ወትሮው ለሁለት ጧፍ የሚሆን ዝርዝር ከቦርሳዬ ፈልጌ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ በሣጥኑ ቀዳዳ እጨምር ጀመር፤ እጄ ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ የሃያ ሌፕታ ሳንቲም ነበረች።

በግሪክ የሃያ ሌፕታ ሳንቲም ላይ የተቀረጸውን ፊት ዳቦ ስገዛም መድኃኒት ስገዛም ስዳስሰው ዓመታት አልፈዋል። ፈገግታ የሌለበት የአንድ ወንድ ፊት ነው፤ አጠገቡ ስሙ ተጽፏል። ዛሬ ግን በእሑድ ጠዋት፣ በዚሁ ወር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያችን ሳንቲም ይዤ ስቆም ይህ ሰው የት እንደ ሞተ ድንገት ትዝ አለኝና እጄ ከሣጥኑ በላይ ቀረ። ከቱርክ ነጻ የወጣችው ግሪክ የመጀመሪያ ገዢ ዮአኒስ ካፖዲስትሪያስ የተገደለው እሑድ ጠዋት፣ ለቅዳሴ ሊገባ ሲል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው።

ናፍፕሊዮ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሄጄ ስመለስ የጻፍኩትን ያነበባችሁ እሱ የተገደለባትን የቅዱስ ስፒሪዶንን ቤተ ክርስቲያን ታስታውሱ ይሆናል። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በሩ አጠገብ ጥይት የቦረቦረው የድንጋይ ሰንበር በመስታወት ተሸፍኖ ይታያል። ያን ጊዜ ስለ ባሕሩና ስለ ምሽጎቹ ብዙ ስጽፍ ስለዚያች ሰንበር አንድ መስመር ብቻ መጻፌ ዛሬ ይቆጨኛል። ጣት የማይሞላ ጉድጓድ ናት። ፊት ለፊቷ ቆሜ የተሰማኝ የነገሩ ቅርበት ነበር፤ ገዳዮቹና ሟቹ እጅ ለእጅ ለመጨባበጥ በሚበቃ ርቀት ላይ ነበሩ።

ሰውየው የኮርፉ ሰው በመሆኑ የኮርፉ ተወላጅ የሆኑት ያያ «የእኛ ልጅ» ይሉታል። በፈረንጆቹ 1776 ሲወለድ ደሴቲቱ በቬኒስ ሥር ነበረች፤ ቤተሰቡም ስማቸው በመኳንንቱ የወርቅ መዝገብ ከሰፈረ፣ የኮንትነት ማዕረግ ካላቸው ቤቶች አንዱ ነበር። አባቱ አንቶኒዮስ ማሪያ ሕግ አዋቂና በደሴቱ ጉዳይ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር፤ ልጁ ደግሞ ጣሊያን ፓዶቫ ሄዶ ሕክምና ሲያጠና ከሕክምናው ጎን ሕግና ፍልስፍናም ተማረ። በ1797 ትምህርቱን ሲጨርስ ቬኒስ ወድቃ ደሴቶቹ በፈረንሳዮች እጅ ገብተው ነበር፤ በ1799 የሩሲያና የቱርክ መርከቦች በአንድነት መጥተው አስለቀቋቸው፤ በማግስቱ ዓመትም ሰባቱ ደሴቶች በአንድ ሪፐብሊክ ተጠቃለሉ።

እኔን ይዞ የሚያስቀረኝ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። አባትየው ወደ ቁስጥንጥንያ ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ይዘውት የተመለሱት ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለመኳንንቱ የሚሰጥ በመሆኑ የደሴቶቹ ሕዝብ አልተቀበለውም፣ ኬፋሎኒያም ታመሰች። በ1801 አባቱን ተክቶ ሁከቱን ለማብረድ ወደዚያች ደሴት የተላከው የ25 ዓመቱ ሐኪም ዮአኒስ ነው። አባት በደገፈው ሕግ የተቆጣውን ሕዝብ ልጅ ሄዶ ሲያነጋግርና ሲያስታርቅ፣ ሕግ ከላይ ሲወርድና ከታች ሲቀበሉት ምን ያህል እንደሚለያይ በዓይኑ አይቷል ማለት ነው። በ1803 ሪፐብሊኩ ሌላ ሕገ መንግሥት ሲያወጣ በሥራው ውስጥ ነበረ፤ ከዚያም በመንግሥት ጸሐፊነት አገለገለ፣ ናፖሊዮን በ1807 ደሴቶቹን እስኪወስዳቸው ድረስ።

ከዚያ በኋላ የሩሲያው ዛር አሌክሳንደር ዲፕሎማት ሆነ። በ1813 ወደ ስዊዘርላንድ ሲላክ፣ የበርን አሮጌ ባላባቶች ቀድሞ ይገዟቸው የነበሩትን ቮ እና አርጋው የተባሉ ክፍለ ግዛቶች መልሰን ካልያዝን ብለው አገሪቱን ሊከፍሏት ደርሰው ነበር። ባላባቱ ካፖዲስትሪያስ ከባላባቶቹ ጋር አልወገነም፤ እነዚያ ክፍለ ግዛቶች ከሌሎቹ እኩል ሆነው እንዲቀጥሉ ተሟገተ፣ በ1815ም የስዊዘርላንድ ገለልተኝነት በኃያላኑ ዘንድ እንዲጸና ከደከሙት አንዱ ሆነ። ቮ እስከ ዛሬ ባለውለታዋ አድርጋ ታስበዋለች። ከ1816 እስከ 1822 ኔሰልሮደ ከሚባል ሌላ ሚኒስትር ጋር የሩሲያን የውጭ ጉዳይ መራ፤ ግሪኮች በቱርክ ላይ ሲነሡ ግን ዛሩን ማሳመን ስላልቻለ ሥራውን ትቶ ጄኔቫ ተቀመጠ።

በ1827 በትሪዚና የተሰበሰበው ብሔራዊ ጉባኤ ለሰባት ዓመት አገር ገዢ እንዲሆን መረጠው፤ በጥር 1828 ደረሰ። ያገኘው አገር ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው፣ የግብፁ ኢብራሂም ፓሻ ጦር ገና ከደቡቡ የግሪክ ምድር ከፔሎፖኔዝ አልወጣም፣ ባሕሩ በወንበዴ ተሞልቷል፣ መንገዱ በሙት ልጆች። የራሱ ኮርፉ እንኳ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ስለ ነበረች ሊመሠርተው በመጣው አገር ውስጥ አልነበረችም፤ ከግሪክ ጋር የተቀላቀለችው በ1864 ነው። በኤጂና የሙት ልጆች ማሳደጊያ አሠራ፤ ትምህርት ቤትና የጦር መኮንኖች ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ከእሳት የምትነሣዋን የፊኒክስ ወፍ ያረፈችበትን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሳንቲም አስወጣ። በ1829 በአርጎስ የተሰበሰበው ጉባኤ ደመወዝ ሲቆርጥለት አልቀበልም አለ፤ ከራሱ ሀብትም እያወጣ ይሠራ ነበር።

ያያ ድንች በላጡ ቁጥር የሚነግሩኝ ታሪክ አለ። ካፖዲስትሪያስ ድንች አስመጥቶ ለገበሬው ቢያድል ማንም አልነካውም ይባላል። ያን ጊዜ ድንቹን አስከምሮ ዘበኛ አቆመበት፤ ዘበኞቹም አይተው እንዳላዩ እንዲሆኑ አዘዛቸው፤ ሰዉም ይህን ያህል የሚጠበቅ ነገርማ ዋጋ ቢኖረው ነው ብሎ እየሰረቀ ወሰደው። ታሪኩ እንደ ተረት የሚነገር ነው፤ እኔ ግን ሰውየውን ያሳየኛል። የሕዝቡን ረኀብ ያውቅ ነበር፣ የሕዝቡን ጠባይም ያውቅ ነበር፤ ለሕዝቡ የሚበጀውን ለሕዝቡ ግልጽ አድርጎ መንገር ግን አይዋጥለትም ነበር።

ሕግ ተምሬ ፍርድ ቤት ደጅ ሦስት ዓመት የቆምኩት እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። የትሪዚናው ጉባኤ በመረጠው በዚያው የጸደይ ወራት ሕገ መንግሥት አጽድቆ ነበር፤ በዘመኑ እጅግ ነጻ ከሚባሉት አንዱ። ካፖዲስትሪያስ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምክር ቤቱ ራሱ እንዲያግደው አደረገ፤ በቦታውም 27 አባላት ያሉትን አማካሪ ጉባኤ አቆመ። ወንድሞቹን ቪያሮስንና አውጉስቲኖስን በትልልቅ ሥልጣን ላይ ሾመ። ለሰባቱ ደሴቶች ሕገ መንግሥት የደከመ፣ ለስዊዞች እኩልነት የተሟገተ የሕግ አዋቂ ልጅ፣ ለገዛ ወገኑ ሲሆን «ገና ነው፣ ትንሽ ቆዩ» አለ። ቅን ሰው እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ደመወዝ የማይቀበልና ለራሱ ምንም የማያከማች ሰው ሥልጣንን የፈለገው ለሥራው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ከእጄ ንጽሕና በላይ ምን ማረጋገጫ ትፈልጋላችሁ ማለት ሲጀምር፣ የሚጠይቀው ሁሉ ጠላት መስሎ መታየቱ አይቀርም።

በ1831 ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣበት። የኢድራ ደሴት አመጸች፤ የባሕር ኃይል አዛዡ ሚያውሊስ በፖሮስ ወደብ የመንግሥትን ትልቅ መርከብ በእሳት አጋየ። ከዚያ በፊት የማኒው አለቃ ፔትሮቤይ ማቭሮሚካሊስ ታስሮ ነበር። በ1821 ከመጀመሪያዎቹ ጋር የተነሣ፣ ከቤቱ ብዙ ሰው በጦርነቱ የገበረ ሽማግሌ ነው። ማኒ ደግሞ ደም በደም የሚመለስበት ተራራማ አገር ነው፤ ለሌላው ዜጋ ቅጣት የሆነው እስር በዚያ ቤት የዘር ውርደት ነበር። አባባ በአገራችን ደመኞችን ለማስታረቅ ስንት ሌሊት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እንዳደረ አውቃለሁ፤ አንዴ ጠይቄው «መጀመሪያ የታላቁን ሰው ፊት አድን፣ ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል» ብሎኛል። ካፖዲስትሪያስ የታላቁን ሰው ፊት አላዳነም። በኬፋሎኒያ የ25 ዓመት ወጣት ሳለ ያወቀውን ነገር በናፍፕሊዮ የ55 ዓመት ሰው ሆኖ ለምን እንዳጣው አሁንም እጠይቃለሁ።

በፈረንጆቹ መስከረም 27 ቀን በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር፣ በአዲሱ ጥቅምት 9 ቀን 1831፣ ጎሕ ሲቀድ አንድ እጁ ከተቆረጠ ኮዞኒስ ከሚባል ጠባቂው ጋር ወጣ። የፔትሮቤይ ወንድም ኮንስታንቲስና የፔትሮቤይ ልጅ ዮርጊስ በከተማው በጥበቃ ሥር ነበሩ፤ ካፖዲስትሪያስን ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቁት። መንገድ ላይ አይተውት ሰላምታ እንደ ሰጡት፣ እሱም ለአፍታ ቆም ብሎ ከዚያ እንደ ቀጠለ ይተርካሉ። አንዱ በሽጉጥ፣ ሌላው በጩቤ መቱት። ኮንስታንቲስን እዚያው ሕዝቡ ገደለው፤ ዮርጊስ በኋላ ተፈርዶበት ተረሸነ። ሬሳው ወደ ኮርፉ ተወስዶ በፕላቲቴራ ገዳም ተቀበረ።

የኮርፉ ጠባቂ ቅዱስ ስፒሪዶን ነው፤ በኒቅያ ከተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት አንዱ ነው ተብሎ የሚታመነው ያው ቅዱስ፣ ዐፅሙም በደሴቲቱ ላይ ነው። ካፖዲስትሪያስ በሕፃንነቱ በስሙ እየተሳለ አድጎ፣ በባዕድ ከተማ በስሙ በተሠራች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወደቀ። ይህን ሳስብ ቅዳሴው አልቆ ነበር።

እኔ አሁንም ያችን የቆመባትን አፍታ ነው የማስበው። ሁለቱን ሰዎች ሲያይ አውቋቸዋል፤ የአንደኛው ወንድም፣ የሌላኛው አባት በእሱ ትእዛዝ ታስሯል። ወደ ኋላ ቢመለስ ፈራ ይባላል፣ አገሩም ገዢዋ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚፈራ አገር ትሆናለች። ቢቀጥል የሆነው ይሆናል። ሰላም ሲሉት ሰላም መለሰላቸው ይላሉ። በዚያች ሰላምታ ውስጥ፣ ሽማግሌውን ነገ ችሎት ፊት አቀርበዋለሁ ወይም ወደ ቤቱ እልከዋለሁ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎበት ይሆን? ወይስ እስከ በሩ ድረስ ልክ ነኝ ብሎ ነው የሄደው?