በሩና በርሜሉ፦ የ2.16 ካሬ ሻወር ቤታችን የሦስት ወር ሥራ

ሥራውን የጀመርኩት ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ጨርሶ ካቆመ በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን የቡሎኬት ቤት ነው። ሻወር ቤቱ ወርዱ 1.20፣ ርዝመቱ 1.80 ሜትር ሲሆን ሽንት ቤት መቀመጫው፣ ሻወሩ፣ የእጅ መታጠቢያውና የውሃ በርሜሉ ሁሉም እዚያችው ውስጥ ነበሩ። እማዬ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከመቀመጫው ስትነሣ በርሜሉን ተደግፋ ነበር የምትነሣው። ሥራውን እንድጀምር ያደረገኝም ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አላፈረስኩም። ሜትርና ጠመኔ ይዤ እያንዳንዱ ዕቃ የያዘውን ቦታ ወለሉ ላይ ሣልኩት። ያየ ሁሉ «ትንሽ መቀመጫ ግዢ» ይለኝ ስለነበር እኔም ጥፋቱ የመቀመጫው ነው ብዬ አምኜ ነበር። ጠመኔው ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። ወደ ውስጥ የሚከፈተው የ70 ሴንቲ ሜትር በር ሲዞር የሚጠርገው ቦታ 0.38 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ደግሞ 60 በ60 ይዟል። ሁለቱ ሲደመሩ ከጠቅላላው 2.16 ካሬ አንድ ሦስተኛ ይሆናሉ። ለሰው የቀረው ትርፍራፊ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ከዚህ ስሌት የመጣ ነው፤ ስለ ሴራሚክ ቀለም ማሰብ የጀመርኩት በሩና በርሜሉ ከወጡ በኋላ ነው።

በሩ ቀላል ነበር። የላሜራ በር ስለሆነ በያጁ ማጠፊያውን ቆርጦ ወደ ኮሪደር እንዲከፈት አድርጎ በግማሽ ቀን ገጠመልኝ። ተንሸራታች በር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጠርዙ በደንብ ስለማይገጥም ድምፅም ሽታም ያሳልፋል፣ ኮሪደራችን ደግሞ ከሳሎን ጋር የተያያዘ ነው። አረጋዊ ላለበት ቤት ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሌላም ጥቅም አለው። ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን በሰውነቱ አይዘጋውም፣ ከውጭ ከፍቶ መድረስ ይቻላል።

በርሜሉ አስቸገረኝ። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል አውጥቶ መጣል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ገዝቼ ጓሮ ላይ የብረት ማማ አሠራሁለት። የተማርኩትን በደንብ ልንገራችሁ፣ እኔ ሳላውቀው ገብቼበት ነበርና። ከፍታ በጨመረ በየ1 ሜትሩ የሚገኘው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። መጀመሪያ ያሠራሁት ማማ 3 ሜትር ነበር፣ የሻወሩ ራስ ያለው 2 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ 1 ሜትር ሆነና ውሃው ጠብ ጠብ ከማለት አላለፈም። ማማውን ወደ 4 ሜትር ከፍ አስደረግሁት፣ ከሮቶው የሚወርደውንም ከግማሽ ኢንች ወደ ባለ 3/4 ቧንቧ ቀየርኩት። የሻወሩን ራስም ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረጥኩ። አሁን ኃይለኛ ባይሆንም ሳሙና አጥቦ ያወርዳል። ማማ ለምታሠሩ ደግሞ፣ 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን መሆኑን ለበያጁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እግሮቹም ኮንክሪት ውስጥ ይቀበሩ።

የእጅ መታጠቢያውን ወደ ኮሪደር አወጣሁት። እማዬ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። አሁን ግን እንግዳ ሲመጣ እጁን ታጥቦ በቀጥታ ወደ ማዕድ ይቀርባል፤ በሻወር ቤት ማለፍ ቀረ። ውስጥ ከመቀመጫው አጠገብ ዝቅ ያለች አንዲት ቧንቧ ተውኩ፣ ለጆግም ለጽዳትም ታገለግላለች።

መቀመጫውን ከቦታው አላነሣሁትም። ባለ 110 ሚሊ ሜትሩን የፍሳሽ ቧንቧ ለማዞር ወለሉን ቆፍሮ በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት መስጠት ያስፈልጋል፣ ወጪው ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ከመካከሉ እስከ ጎን ግድግዳው 38 ሴንቲ ሜትር አለው፣ ከፊቱ 54 ቀርቶታል። ይበቃል። ከጎኑ ለእማዬ የብረት መያዣ አስገጠምኩላት።

አሁን ወደ ወለሉ ልምጣ፤ የደከምኩትም የተማርኩትም እዚህ ላይ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሻወሩን በግድግዳም በመስታወትም አልለየሁትም፣ ሁሉም አንድ ወለል ነው። እንዲህ ከሆነ የወለሉ ቁልቁለት ሁሉን ይወስናል። እኔ ፍሳሹ መሐል ላይ ይሁን አልኩ፣ ፎቶ ላይ አይቼው ስላማረኝ። ግንበኛው ጋሼ «ልጄ፣ ውሃ እኮ ቁልቁለቱን እንጂ ያንቺን ፍላጎት አይከተልም» አሉኝ። እኔ ግን ገፋሁበት። ሴራሚኩ ተነጥፎ በጆግ ውሃ ስናፈስ ከአራት ማዕዘን ወደ መሐል መውረድ የነበረበት ውሃ በሩ ጥግ ሄዶ ተኛ። ስድስት ሴራሚክ ፈነቀልን። በሁለተኛው ዙር ወለሉን በአንድ አቅጣጫ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሥር አደረግነው፣ ለ1.80 ሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ሰጥተን። ልስኑ ሲደርቅ ጋሼ ውሃ ልኩን አስቀመጡና የልጄን ብይ ጠየቁኝ። በሩ ጋ አስቀምጠው ለቀቋት። ትንሽ ቆም አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተነሣች፣ መቀመጫውን ታክካ እየፈጠነች ሄዳ ፍሳሹ አፍ ላይ ጠቅ አለች። ከአምስት ቦታ ለቀቅናት፣ አምስቱንም ጊዜ እዚያው ደረሰች። ያኔ ነው ሴራሚክ ይነጠፍ ያልነው። እናንተም ከማስነጠፋችሁ በፊት ብይ ልቀቁ።

ፍሳሹ ሲፎን፣ ማለትም ውሃ ይዞ ሽታ የሚከለክል ጠማማ ክፍል፣ ያለው ይሁን። ለረጅም ጊዜ ሳይጠቀሙበት ከቆየ ውስጡ ያለው ውሃ ይደርቅና ሽታ ይመጣል፤ አንድ ጆግ ውሃ ሲጨመርበት ይጠፋል።

ሴራሚኩን 30 በ60 ነጭ አደረግሁት። ክፍሉ ሲጠብ ሴራሚኩም ማነስ አለበት የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንደዚያ እንዳልሆነ አይቻለሁ፤ መጋጠሚያው ሲበዛ ዓይን በየመስመሩ ይቆማል፣ መጋጠሚያው ላይ የሚይዘውን ቆሻሻ መፈተግም ሌላ ሥራ ነው። ለሳሙናና ለሻምፑ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ከመስቀል የአንድ ቡሎኬት ፊት ፈልፍለን 40 በ20 የሆነች መስኮት መሰል ጎድጓዳ ሠራንና ውስጧን በሴራሚክ አለበስናት። ወደ ክፍሉ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አትገባም። የጭቃ ቤት ያላችሁ ግን ይህን አትሞክሩ፣ እርጥበቱ ግድግዳውን ይበላዋል። ፎጣ ማንጠልጠያው በበሩ የውስጥ ፊት ላይ ነው።

ጥር ላይ ውርጩ ጠንክሮ ነበር። ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሴራሚኩ ላይ በባዶ እግር መቆም አይቻልም። ስለዚህ የቀረኝ ቦይለሩ ነው። ባለ 50 ሊትሩን በጎን ተንጋሎ ከበሩ በላይ እንዲቀመጥ ፈልጌአለሁ፣ እዚያ ያለው ቦታ ለሌላ አይሆንምና። ነገር ግን ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፣ የቡሎኬት ውስጥ ደግሞ ባዶ ስለሆነ ተራ ብሎን አይዝለትም። በያጁ ከኮሪደሩ በኩል ላሜራ ተደግፎ ግድግዳውን ዘልቆ የሚያልፍ ረጅም ብሎን እየሠራልኝ ነው። ኤሌክትሪሻኑም ለብቻው ብሬከርና ግራውንድ ያለው መስመር ዘርግቷል። ቅዳሜ ይሰቀላል፤ እማዬም የመጀመሪያዋ ታጣቢ እኔ ነኝ ብላ ከወዲሁ ፎጣዋን በሩ ላይ ሰቅላለች።