ካልጨመረ መልቀቅ

ነሐሴና ጳጉሜን ማተሚያ ቤት ያሳለፈ ሰው የሰው ዕቅድ ያስጠላዋል። አገሩ ሁሉ የሚታደሰው በአንድ ቀን ነው። ካላንደሩም፣ አጀንዳውም፣ ፖስት ካርዱም ለዚያች ቀን መድረስ አለበት። እኛ ሐዋሳ ያለችን ማሽን አንዲት አሮጌ ሃይደልበርግ ናት፤ ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበትን የማተሚያ ሳህን) ደግሞ አዲስ አበባ አሠርተን በሚኒባስ ነው የምናስመጣው። 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ሆነች። ሌላው ሰው አንድ ቀን ተጨመረልኝ ሲል ለእኛ የተጨመረልን አንድ ሌሊት ነው።

የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር አጀንዳ ይዘን ነበር። 500 ኮፒ፣ ኤ5፣ ጠንካራ ሽፋን። መጀመሪያው ላይ «የ2016 ግቦቼ» የምትል ገጽ አለች፣ ነጠብጣብ ብቻ። የማህበሩ ጸሐፊ ናሙናውን አይተው «ባዶ ሆነችብኝ፣ ስትሞላ ምን እንደምትመስል እስቲ አሳየን» አሉ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ፣ የእጅ ጽሑፍ በሚመስል ፎንት የመጣልኝን ጻፍኩ። የመጣልኝ ደግሞ የራሴው ነው፦

1. በሳምንት 3 ቀን ሐይቅ ዳር መሮጥ
2. በወር 1,500 ብር ማስቀመጥ
3. እስከ ጥቅምት ጭማሪ መጠየቅ
4. ካልጨመረ መልቀቅ

ፕሩፉ (ከመታተሙ በፊት ደንበኛው አይቶ የሚፈርምበት ናሙና) ሄደ፣ ጸሐፊው «ይታተም» ብለው ፈርመው ማህተም መትተው መለሱት። ከዚያ በኋላ ነጠብጣቡን ልመልስ ነበር ሐሳቤ። ረሳሁት። ሌላ ሦስት ሥራ ነበረብኝ፣ ግን ሰበብ አላበዛም፣ ረሳሁት።

ያየችው ጠራዧ ናት። ሙጫ በነካው እጇ አንዱን ይዛ መጣችና «ይሄ ልጅ ማን ይሆን? አሳዘነኝ» አለች። ያኔ 500ውም ታጥፎ አልቋል።

ጋሼ (ባለቤቱ) ገጿን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ።

«ሐይቅ ዳር መሮጥ። ጥሩ ነው።»

ዝም አልኩ።

«በወር 1,500።» ቀና ብለው አዩኝ። ደመወዜን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው፤ በልባቸው ሲቀንሱ ታየኝ። ሦስተኛውን ድምፅ ሳያወጡ አለፉት። አራተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ካልጨመረ...» አሉ። «ማነው እሱ?»

«ማን፣ ጋሼ?»

«የማይጨምረው።»

ዝናቡ ልል ሁሉ ነበር። «ናሙና ነው እኮ ጋሼ» አልኩ።

«እ፣ ናሙና» አሉና ገጿን አራት ቦታ አጥፈው ሸሚዝ ኪሳቸው ከተቱ። «ናሙናው መቼ ነው የሚለቀው?»

ቢጮሁብኝ እስካሁን እረሳው ነበር። አልጮሁም። ዛሬም ሻይ እየጠጣሁ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

በማግስቱ የማህበሩ ሰዎች መጡ። ጸሐፊው ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ረጅም ንግግር አደረጉ። የፈረሙባት ፕሩፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ነበር፤ አንዴም ዓይናቸው አላረፈባትም። ጋሼም ደንበኛ ነው ብለው ዝም አሉ። የዳነው በገንዘብ ያዥዋ ነው። ገጿን አንብባ ሳቀችና «አንድና ሁለት ይቆዩ፣ ሁለተኛዋማ የእኛው ማስታወቂያ ናት። ሦስትና አራትን ሸፍኑልን» አለች። እንደገና ለማተም ጊዜም ፕሌትም አልነበረም። የጳጉሜ 6ን ሌሊት ስቲከር ስንቆርጥና ስንለጥፍ አደርን፣ ዘበኛው ሳይቀር። ግማሹ ጠማማ ነው የተለጠፈው።

ስቲከር አይቶ የማይልጥ አበሻ ደግሞ አላውቅም። መስከረም ሳይጋመስ አንድ ባጃጅ ነጂ በመስታወቱ አይቶኝ «አንተ ነህ አይደል የማተሚያ ቤቱ? ጨመረልህ?» አለኝ። አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ሄጄ አንዱ ከማዶ ጠረጴዛ «ሩጫው እንዴት ነው?» ብሎ ጮኸ። አጀንዳው ላይ ስሜ የለም። ማን እንደነገራቸው ግን እጠረጥራለሁ፣ እጇ ሙጫ አለበት።

ግብህን ለሰው ተናገር፣ ያኔ ታፍርና ትፈጽመዋለህ ይላሉ። እኔ ለ500 ሰው ተናግሬ ሩጫው በመስቀል ቆመ። ለጠየቀኝ ሁሉ ጠዋት ጉማሬ አይቼ ነው እላለሁ። ጉማሬ ማየቴ እውነት ነው። ያቆምኩት ግን ከዚያ በፊት ነው። ደግሞ ሐዋሳ የሚኖር ሰው ዕቅድ ቢበላሽበት ብዙም አይደነግጥም። እንቁጣጣሽ ካለፈው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አለለት፣ እሱም ካለፈው አያንቶዎቹ (የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ኮከብ አይተው ቀኑን የሚናገሩለት የሲዳማ አዲስ ዓመት ፊቼ ጨምበላላ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነማ ሐምሌ 1 የበጀት ዓመት ይከፈትለታል። እኔ በአራቱም ልጀምር አስቤያለሁ። ጫማው አሁንም አዲስ ነው።

ቁጠባው ግን ያዘ። የኔ ጉብዝና እንዳይመስላችሁ። ገንዘብ ያዥዋ በዚያው ሰሞን አባል አድርጋ መዘገበችኝ፣ ከዚያ ደመወዝ በገባ በማግስቱ ደረሰኝ ይዛ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ነች። «ወንድሜ፣ ሁለተኛዋን» ትለኛለች፣ ሌላ ቃል የለም። አንዴ ሽንት ቤት ተደብቄ ሁሉ ቆይቻለሁ፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ፋሲካ የዋለበትን ሚያዝያ ብቻ ዘለልኩ። ዓመቱ ሲያልቅ 16,500 ብር ነበረኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ገንዘብ ይዤ አላውቅም፣ ለዚህ ደግሞ ማመስገን ያለብኝ እኔን ሳይሆን እሷን ነው፣ ትንሽም እፈራታለሁ።

ሦስተኛው አከራካሪ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የምለውን ሳምንት ሙሉ ስለማመድ ቆይቼ የጋሼን በር አንኳኳሁ። አፌን ሳልከፍት «ከኅዳር ጀምሮ 600 ብር ጨምሬልሃለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ገና አልጠየቅኩም እኮ።»

«በ500 ኮፒ ጠይቀኸኛል» አሉና ወደ ሒሳባቸው ተመለሱ።

ስለዚህ ጠይቄያለሁ ወይስ አልጠየቅኩም? እሱን እስካሁን አልወሰንኩም። 600 ብሩ ትንሽ ነው፣ «ካልጨመረ» ለማለት ግን አይመችም። አራተኛው እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ እኔም እዚያው ኮምፒውተር ፊት አለሁ።

በ2016 ነሐሴ ያው ማህበር ተመልሶ መጣ፣ ያው ገጽ፣ ያው 500 ኮፒ። ፕሩፉን ስልክላቸው «የ2017 ግቦቼ» የሚለው ሥር አንድ መስመር ብቻ ሞላሁ፦ «1. ከመፈረሜ በፊት ማንበብ»። ወደ ፕሌት የሚሄደውን ፋይል አስቀድሜ በነጠብጣብ አዘጋጅቼ፣ ሦስት ጊዜ አይቼ፣ ጠራዧንም አሳይቻት ነበር።

ፕሩፉ በማግስቱ ተመለሰ። ጸሐፊው ፈርመዋል። ቀንም ጽፈውበታል። መሳቢያዬ ውስጥ ናት።