ማርሹን ለእግሬ ልክ ለማድረግ ሦስት እሁድ ፈጀብኝ

ክረምቱ ሲገባ ወፍራም ቡትስ ገዛሁ። ጫፉ ጠንካራ ነው፣ ሶሉም ወፈር ያለ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሞተሬ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ አለኝ። ሁለቱን ነገር ያገናኘሁት ግን ወር ካለፈ በኋላ ነው።

ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር በፈቃድ ብቻ ከሆነ ከ2011 ሐምሌ ወዲህ፣ መንገድ ላይ የምንውለው አብዛኞቻችን ለሥራ የወጣን ነን። በቀን ስንት መቶ ጊዜ ማርሽ እንደምንቀይር አስቡት። ትንሽ ጉድለት ማታ ቁርጭምጭሚት ላይ ትቆጠራለች።

ችግሩ የሚብሰው ቸርችል ጎዳና ላይ ነበር። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጡ አቀበቱን ታውቁታላችሁ። መብራት ሲለቀኝ በአንደኛ እነሳለሁ። በግራ እጄ ፍሪሲዮን ይዤ የማርሹን መርገጫ በእግሬ ጫፍ ወደ ላይ አነሳለሁ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል። ፎሌ ላይ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከኋላዬ ሚኒባስ አለ፣ ጡሩንባው አያድርስ ነው። አቀበት ላይ ጉልበት ሲከዳ የሚመጣውን ድንጋጤ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አዳመጠና "ካምቢዮው መከፈት አለበት" አለኝ፤ ማርሾቹ ያሉበትን ሳጥን ማለቱ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ላስብበት ብዬ ወጣሁ። እስካሁን ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው። እሱም ሞተሩ ላይ አልተቀመጠበትም፣ እኔንም ተቀመጥበት አላለኝም።

ነገሩን የለዩልኝ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው። ድሮ ሞተር ብዙ ዓመት ነድተዋል።

"መቼ ነው የጀመረህ?" አሉኝ።

"ክረምት ሲገባ፣ ጋሼ።"

ወደ እግሬ አዩ። "ይሄን ጫማ ስትገዛ ማርሹን አስተካክለኸዋል? እስቲ ተቀመጥበት።"

ተቀመጥኩ። እግሬን ማሳረፊያው ላይ አድርጌ የጫማዬን ጫፍ ከመርገጫው ሥር ለማስገባት ሞከርኩ። ከሥሩ ለመግባት ቁርጭምጭሚቴን ወደ ታች ማጠፍ ነበረብኝ፤ እንደዚያም ሆኖ የገባው የጫፉ ጥቂቱ ብቻ ነው። በስስ ሸራ ጫማ ስነዳ ይሄ ሁሉ አልነበረም።

የኔ ሞተር አንደኛው ወደ ታች፣ ሌሎቹ ወደ ላይ ነው። ፎሌ ያለው በአንደኛና በሁለተኛ መሃል ነው። ግማሽ ካነሳችሁት ፎሌ ይገባል፤ ሁለተኛ የሚገባው እስከ መጨረሻው ሲነሳ ነው። ስለዚህ እግራችሁ መርገጫውን ሙሉ ማንሳት ሲያቅተው ቀድሞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ካምቢዮው ጤነኛ ነበር።

የመጀመሪያው እሁድ ሳይሳካ ቀረ። የኔ መርገጫ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ነው። በ10 ቁጥር ቁልፍ ብሎኑን አላላሁና ሳብኩ። ንቅንቅ አይልም። ዝገት ነው ብዬ ናፍጣ ቀባሁት። መዶሻ ላመጣ ስነሳ ጋሼ አስቆሙኝ። ብሎኑ ዘንጉ ላይ ባለች ቦይ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ማላላት አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ሳይወጣ በመዶሻ ብትመቱት ምቱ የሚያርፈው ውስጥ ባለው የካምቢዮ ዕቃና ዘይት በሚይዘው ጎሚኒ ላይ ነው። በዚያ ቀን ብሎኑን አውጥቼ መልሼ አሰርኩት፤ መሽቶ ነበር።

በሁለተኛው እሁድ የእህቴን የጥፍር ቀለም ተዋስኩ። ቀይ ነው። ዘንጉና መርገጫው የሚገናኙበት ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሳብኩ። ይሄን ሳታደርጉ እንዳትነቅሉት፤ ከነቀላችሁት በኋላ የድሮ ቦታው የት እንደነበር አታገኙትም። ከዚያ ብሎኑን አወጣሁ፣ መርገጫው ዘንጉን የሚያቅፍበት ላይ ያለውን ስንጥቅ በካቻቢቴ ትንሽ ከፈት አደረግሁ፣ መርገጫው ወጣ። ጥርሶቹ ውስጥ የተጋገረ ጭቃና ግራሶ ነበር። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በናፍጣ አጸዳሁት።

ሁለት ጥርስ ከፍ አድርጌ መለስኩት። በዛ። አንድ ጥርስ ጫፉ ላይ የአውራ ጣቴን ውፍረት ያህል ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሁለተኛ ማርሽ እንደ ቅቤ ገባ፤ ወደ አንደኛ ለመመለስ ግን እግሬን ከማሳረፊያው ላይ ሙሉ ማንሳት ነበረብኝ። በዚያ ሁኔታ ሳምንቱን ሠራሁ፣ ጥሩ አልነበረም።

በሦስተኛው እሁድ አንድ ጥርስ ዝቅ አደረግሁት። ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሜ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎረቤቴ የኋላውን ጎማ በእጃቸው እያዞሩልኝ ማርሾቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። ጎማው ካልዞረ የካምቢዮው ጥርሶች አይገጥሙም፤ የተበላሸ ይመስላችኋል። ልኩንም ቁጢጥ ብላችሁ በዓይን አትገምቱት። ተቀመጡበት፣ ስትሠሩ የምታደርጉትን ጫማ አድርጉ። ተረከዝ ሳይነሳ ጫፉ ከሥር ገብቶ መውጣት አለበት፣ ከላይም መጫን መቻል አለበት።

ስታስሩ ተጠንቀቁ። ያቺ ብሎን ትንሽ ናት፣ ረጅም ቁልፍ ይቆርጣታል። አጭር ቁልፍ ይዤ በእጄ አንጓ ብቻ አጠበቅኋት። ከታሰረም በኋላ ስንጥቁ ትንሽ ክፍት መሆኑን እዩ። ሁለቱ ከንፈሮች ከተነካኩ መርገጫው ዘንጉን መያዝ አቁሟል፣ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው። ያኔ መፍትሄው መርገጫውን መቀየር ነው። አንዳንዶች በብየዳ ያጣብቁታል፤ እባካችሁ እሱን አታድርጉ። ሙቀቱ ጎሚኒውን ያቃጥለዋል፣ መርገጫውም ሁለተኛ አይነቀልም።

የጓደኛዬ ሞተር ደግሞ ባለ ዘንግ ማያያዣ ነው፤ መርገጫውና ካምቢዮው በቀጭን ብረት ይገናኛሉ። እሱ ይቀላል፣ በጥቂት ሚሊሜትር ይስተካከላል። በሁለቱ ጫፎች ያሉትን ዳዶዎች አላልታችሁ ብረቱን በቦታው ማዞር ነው። አንደኛው ዳዶ ግን በተቃራኒ የሚፈታ ነው። አልፈታ ሲላችሁ ኃይል ከመጨመር በፊት ወደ ሌላው አቅጣጫ ሞክሩት። ብረቱ ከሁለቱም ጫፍ በቂ ጥርስ ይዞ መቅረቱንም እዩ።

መርገጫው ልክ ሆኖ ቆማችሁ ፎሌ ማግኘት ካስቸገራችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ገመድ ተመልከቱ።

ሰኞ ጠዋት ከለገሃር ተነሳሁ። ብሔራዊ ትያትርን አለፍኩ፣ መብራት ያዘኝ፣ ለቀቀኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ማዘጋጃ ቤቱ እስኪደርስ አንድም ጊዜ አልጮኸም። ከሳምንት በኋላ ብሎኗን ፈተሽኳት፣ በቀዩ መስመር ሳየው መርገጫው ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። አሁን በዚያው ቡትስ የቀኝ እግሬን የፍሬን መርገጫ እያየሁ ነው፤ እሱም ከፍ ያለብኝ ይመስለኛል።