በጣና ዳር፣ በእግር

የዘንድሮዋን ኪዳነ ምሕረት በጀልባ ሄጄ አልሳለምም ብያለሁ። ከባሕር ዳር በእግሬ ተነስቼ ለየካቲት 16 ዘጌ እገባለሁ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ፣ ጉልበቴ ከፈቀደ ደግሞ በምዕራቡ ዳርቻ ቁንዝላንና ደልጊን አልፌ እስከ ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም።

ሐሳቡን የጫረብኝ ወደ ስፔኗ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ስለሚጓዙ ተሳላሚዎች ያነበብኩት ነው። ከፖርቱጋሏ ፖርቶ ተነስቶ የአትላንቲክን ዳር ይዞ የሚወጣው መንገዳቸው 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢጫ የቀስት ምልክት እየመራቸው ይሄዳሉ፤ በየማደሪያቸው ደብተራቸው ላይ ማኅተም ይመታላቸዋል። ቀናሁ።

ጣና ግን ዳሩን ለእግረኛ አላዘጋጀም። ካርታ ላይ ጠርዙን በጣቴ ስከተል ቀና መንገድ ይመስላል፤ መሬት ላይ ብዙው ደንገልና ረግረግ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ ከዘጌ አልፎ ይጠብቀኛል፤ እሱን ለመሻገር ወይ ከሐይቁ ርቆ ድልድይ መፈለግ፣ ወይ ባለ ታንኳ መለመን ነው። በምሥራቅ ልዙር ብል ጉማራና ርብ አሉ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳም አለ። ስለዚህ በጋ መሆኑ ግድ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ አለ፤ ያ ካልሆነ የቀረው ዕቅድ ሁሉ ወረቀት ነው።

ገዳማቱ ደሴት ላይ ሆነው ሳለ በእግር መሄድ ምን ይሉታል የሚለኝ ብዙ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ወንዶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ እኛ ከሩቅ ተሳልመን እንመለሳለን። ሥርዓቱን አልከራከርም። ነገር ግን ጉዞዬን በራሴ ከነደፍኩት፣ በሩ ለእኔም ከሚከፈትበት ልጀምር።

ዘጌን የመረጥኩት ለበዓሉ ብቻ አይደለም። አቡነ በትረ ማርያም ካስተማሩት ጊዜ ጀምሮ እዚያ ሞፈርና ቀንበር አይገባም ይባላል፤ ለዚህም ነው ጫካው እስከ ዛሬ ቆሞ ሰዉ በቡና የሚኖረው። ከባሕር ዳር ፀሐይ ወጥቶ የቡና ጥላ ውስጥ መግባት ለብቻው የጉዞ ዋጋ ነው።

አክስቴ አብረን እንሂድ ብለዋል፤ ስንቁንም እሳቸው ይዘውታል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ። ሁዳዴ ገብቶ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይቀምሱ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን ፀሐይ ሳይበረታ ብዙውን መጨረስ አለብን። ከመሸ በኋላ በውኃው ዳር መንቀሳቀስ የለም፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

ያልተስማማነው በጫማ ነው።

«አንቺ ጫማሽን አድርጊ ልጄ፤ እኔ የተሳልኩት በባዶ እግሬ ነው» አሉኝ።

«የዚያን ሁሉ አገር ጠጠር እንዴት ይችሉታል?» ብላቸው፣ «እሱን ለኪዳነ ምሕረት ተዪው» ብለው በሶውን መንፋት ቀጠሉ። እኔ ግን በእግራቸው ልክ አንድ በረባሶ ገዝቼ ከጋቢው ሥር ሸጉጫለሁ።