ባዶው የእንቁላል ቤት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የችግኝ መሸጫ መደብር ስሠራ ያጋጠመኝን አብዛኛውን ነገር ረስቻለሁ። አንዲት ትንሽ ብሩሽ ግን እስከ ዛሬ ከእጄ አልወጣችም።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ የማንቲስ እንቁላል ይመጣልን ነበር። ማንቲስ የፊት እግሮቹን እንደሚጸልይ ሰው አጥፎ ዝንብ ላይ የሚያደባው ነፍሳት ነው። የሚሸጠው የቻይናው ዝርያ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ በ1896 ፊላደልፊያ አካባቢ ከታየ ወዲህ አገሩ አድርጓታል። ገዢዎች ክሽክሽ ያጠፋልናል ብለው ይወስዱታል፤ ንብንም ቢራቢሮንም እንደሚበላ እኔ ሳልነግራቸው አልሸጥም ነበር። የእንቁላል ቤቱ የደረቀ አረፋ ይመስላል፤ መጠኑ ዋልነት ከሚባለው ፍሬ አይበልጥም፤ ከአንዱ እስከ 200 ሊፈለፈሉ ይችላሉ። ብርድ ያቆየዋል፣ ሙቀት ያስፈለፍለዋል። ስለዚህ ቦታው ማቀዝቀዣ ነው።

በዚያ ዓመት አንድ ካርቶን መጋዘን ውስጥ ከማሞቂያው አጠገብ ለሳምንታት ተረስቶ ከረመ። አንድ ጠዋት ስከፍተው የእንቁላል ቤቶቹ ያሉባቸው ኩባያዎች እንደ ትንኝ በቀጠኑ ማንቲሶች ተሞልተዋል። ገሚሶቹ ሞተዋል፤ የተረፉት እርስ በርስ ይበላላሉ። አለቃዬ አየና፣ «እነሱን ጣልና ቤቶቹን አጽድተህ መደርደሪያው ላይ መልስ» አለኝ።

«ባዶ ናቸው እኮ» አልኩት።

«ማን ያውቃል? ከውጭ ሲታይ ያው ነው።»

እውነቱን ነው፤ ያው ነው። ማንቲስ ሲፈለፈል ቤቱ አይሰነጠቅም። መሐል ለመሐል ባለችው መስመር ሾልከው፣ በቀጭን ክር ተንጠልጥለው የመጀመሪያ ቆዳቸውን ይገፋሉ። ምልክቱ ከመስመሯ ሥር የሚቀረው የክርና የቆዳ ጭፍግፍግ ብቻ ነው፤ እሱንም ብሩሽ ይጠርገዋል። 11 ቤቶች ጠረግሁ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፤ ይህን የምለው ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም።

በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ደረቴ ላይ ስሜን አንብበው በአማርኛ አናገሩኝ። ለልጅ ልጃቸው ነው የሚገዙት። ደስ ብሎኝ ሁሉንም አስረዳኋቸው፦ ትንንሾቹ ተንጠልጥለው የሚወርዱበት ቦታ እንዲኖራቸው ቤቱን ጠርሙስ ውስጥ ከእንጨት ጋር ከፍ አድርጎ ማሰር፣ የጠርሙሱን አፍ በስስ ጨርቅ መሸፈን፣ አልፎ አልፎ ውሃ መርጨት፣ ለምግባቸው በሙዝ ልጣጭ የፍራፍሬ ዝንብ ማርባት። ይህን ሁሉ የምናገረው ባዶ ቤት በእጄ ይዤ ነው። ማስረዳት ስወድ የያዝኩትን ረሳሁት ብል ማን ያምነኛል?

ሰኔ ላይ ጠርሙሱን ይዘው ተመለሱ። አፉን በነጠላ ቁራጭ ሸፍነው፣ ዙሪያውን በጥለቱ ክር አስረውታል።

«ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ይሆን? ውሃ አበዛሁበት እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ለምን እንቢ አለ?»

«አንዳንዱ እንዲህ ይሆናል» አልኳቸው።

ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። እሳቸው ግን የመጡት ለገንዘቡ አልነበረም፤ ሲሄዱም ጠርሙሱን አልተዉትም።

ክረምቱን መደብሩን ለቀቅሁ። ኅዳር ላይ ከቤቴ ጀርባ ካለው ጠፍ መሬት፣ ጎልደንሮድ በሚባል ተክል የደረቀ ግንድ ላይ የእንቁላል ቤት አገኘሁ። ሳልነቅለው ግንዱን ቆርጬ፣ በረንዳዬ ላይ ብርዱን ከነውርጩ እንዲያሳልፍ አደረግሁ። መጋቢት ላይ በሰው በሰው አፈላልጌ ቤታቸው አደረስኩት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ወጡ! እንደ ጭስ ተንጠልጥለው ወረዱ! ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ያለቅሳል!» ከበስተጀርባ ልጁ ሲቆጥር ይሰማኛል፤ 63 ደርሷል። ሦስቱን ለየብቻ አስቀምጣችሁ የቀሩትን ዛሬውኑ ቁጥቋጦ ላይ ልቀቁ፣ አለዚያ ይበላላሉ አልኳቸው።

ከዚያ ነገርኳቸው። ያኛው ስሸጥልዎ ባዶ ነበር፣ ባዶ መሆኑንም አውቅ ነበር፣ ምልክቱን በብሩሽ የጠረግሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ልጁ አሁንም ይቆጥራል።

«ሁለት ወር ሙሉ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «በየጠዋቱ ሳይታጠብ ተነስቶ ውሃ ሲረጭለት ነበር።»