ዶሉን ያልጣሉት ፑንጃቦች፣ ከበሮውን የምንደብቅ እኛ

ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ የሚወጡ አዳዲስ የጎጃም ዘፈኖችን ስሰማ ከበሮው ከኮምፒውተር ምት ሥር ተቀብሮ አገኘዋለሁ። ያሳዝናል። ከሕንድና ከፓኪስታን፣ ከፑንጃብ ምድር የሄዱ ስደተኞች እንግሊዝ አገር ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ሳውዝሆል የተመሠረተው አላፕ ባንድ ሲንተሳይዘርና ጊታር ጨመረ እንጂ ዶሉን፣ የፑንጃቦቹን ባለ ሁለት ፊት ከበሮ፣ አላወጣም። ገበያቸው ሠርግ ነበር፤ ሠርገኛ ደግሞ የሚያውቀውን ምት ካልሰማ አይነሣም። ማታ መውጣት ለማይፈቀድላቸው ወጣቶች ጭፈራው በቀን ይዘጋጅላቸው ነበር። ካሴቱ በየሰፈሩ ሱቅ ይሸጥ ስለነበር የእንግሊዝ የሽያጭ ደረጃ ውስጥ ብዙም አይገባም ነበር፤ ሙዚቃው ግን ሳይቆጠር አደገ። በ2023 እ.ኤ.አ. ዘፋኙ ዲልጂት ዶሳንጅ በአሜሪካው የኮቼላ ፌስቲቫል መድረክ ላይ በፑንጃብኛ ዘፈነ።

ወደ ቀረጻው ሥራ ስንመጣ፣ ዶል በሁለት በትር ይመታል፤ ወፍራሙ ቆልማማ በትር ለወፍራም ድምፅ፣ ቀጭኑ ለስል። የኛ ከበሮ በእጅ ነው፤ ሰፊው ፊት ይጎረናል፣ ጠባቡ ይሰላል። ስለዚህ ለየፊቱ አንድ ማይክ አድርጉ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቃችሁ። ሁለቱን ስትደባልቁ ወፍራሙ ድምፅ ድንገት ከጠፋ ከበሮው አልተበላሸም፤ ቆዳው ከአንዱ ማይክ ሲሸሽ ወደ ሌላው ስለሚጠጋ ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የአንዱን ማይክ ፌዝ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጡት፣ ይመለሳል። ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ቤዝ ከሰፊው ፊት ጋር አንድ ቦታ ላይ እንዳይጋፋ ከሁለቱ አንዱን ቀንሱ። እኔ ሁልጊዜ ቤዙን እቀንሳለሁ።

ምቱን ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዲያስተካክለው አትተዉለት። ቺክቺካ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚሄደው፤ ፕሮግራሙ ግን ሲከፈት አራት አራተኛ ላይ ነው። ሳትቀይሩ «አስተካክል» ካላችሁት ምቱን ወደማይገባው ቦታ ይጎትተዋል፣ እስክስታውም ትከሻ ላይ ይሞታል። መጀመሪያ ቆጠራውን ቀይሩ፣ ከዚያ በጣም የሳተውን ምት ብቻ በእጅ ወደ ቦታው መልሱ።

ማሲንቆው አንድ ጅማት ስለሆነ ከኪቦርዱ ጋር ማቃኘት ቀላል ይመስላል፤ ጅማቱ የተሠራበት የፈረስ ጭራ ግን በእርጥበት ይለቃል። በየቀረጻው መካከል ቅኝቱን ፈትሹ፣ ደጋኑንም ዕጣን አስነኩት፤ ካልተነካ ይንሸራተትና ድምፁ ይከሳል። ፑንጃቦችም ቱምቢ የሚሉት ባለ አንድ ጅማት አላቸው፣ በጣት የሚመታ። የእንግሊዙ ሙዚቀኛ ፑንጃቢ ኤምሲ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ራፐር ጄይ ዚ በገባበት ዘፈን ውስጥ ከፊት የሚሰማው እሱ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቤዝ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ሲሆን ቱምቢውን አይሸፍነውም። ማሲንቆውንም እንደዚሁ ከፊት አስቀምጡት፤ ዘፋኙ ግጥሙን ሲይዝ ዝቅ፣ ሲያርፍ ከፍ።